ከቤት ብድር ጋር ተለጥፎ ስለሚሸጥ መድን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ የኢንሹራንስ ቁጥጥርና የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሥራ ለሚመለከታቸው ክፍሎች
ለቤት አበዳሪ ባንኮችና ለመድን ሰጪ ኩባንያዎች
በአዲስ አበባ ዳርቻ ለምትገኙ የቤት ባለዕዳዎች

ጉዳዩ፦ ተበዳሪው ሳይመርጥና ዋጋውን ሳያውቅ ከቤት ብድር ጋር ስለሚገዛለት መድን

ባንክ ለቤት ሲያበድር መድን መጠየቁን አንቃወምም። ቤቱ መያዣ ነው፤ ከተቃጠለ መያዣው የለም። ተበዳሪው ከሞተ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው በቀረው ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። የእሳትም ሆነ የሕይወት መድን መጠየቁ አግባብ ነው። አግባብ ያልሆነው ሌላ ነው። መድን ሰጪውን ባንኩ ይመርጣል፣ ዋጋውን ተበዳሪው ከሒሳቡ ከተቆረጠ በኋላ ያየዋል፣ የተገዛለት ሽፋን ደግሞ ለቤቱም ለዕድሜውም የማይሆን ሆኖ የሚገኘው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ሥራችን የብድር ፋይልና የመድን ውል ማገላበጥ ስለሆነ ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ እስከ ገላን ባሉ ቤቶች ፋይል ውስጥ ተመላልሰው የሚታዩትን ስህተቶች እዚህ በዝርዝር እናስቀምጣለን።

ነገሩ የሚበላሸው በፊርማው ቀን ነው። የብድር ውል፣ የመያዣ ውል፣ የመድን ማመልከቻ፣ የጤና መግለጫ፣ ከሒሳብ እንዲቆረጥ የሚፈቅድ ቅጽ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ይቀርባሉ። «እዚህም ይፈርሙ፣ እዚህም» ይባላል። ለወራት ሰነድ ሲያመላልስ የከረመ ሰው በዚያ ሰዓት «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ወረፋውን አያስቆምም። የብድር ውሉ በአማርኛ ሲሆን የመድን ፖሊሲው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያም ቢሆን ፖሊሲው ባንኩ ፋይል ውስጥ ይቀራል እንጂ ለተበዳሪው አይደርሰውም። በተለይ የብድር ሕይወት መድን በቡድን ውል ሲገዛ የውሉ ባለቤት ባንኩ ነው፤ ተበዳሪው በስም ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው። የምስክር ወረቀት ካልጠየቀ ስለ መድኑ በእጁ የሚይዘው ነገር አይኖርም።

የብድር ኦፊሰሩን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ቅጹን ያዘጋጀው እሱ አይደለም፣ ከመድን ሽያጩ የሚገኘው ኮሚሽንም ወደ ኪሱ አይገባም።

ዋጋው የሚደበቅበት መንገድ ሒሳብ ይፈልጋል። ለምሳሌ 2,000,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት የተበደረ ሰው በወር ወደ 27,825 ብር ይከፍላል እንበል። ለሃያው ዓመት የሚሆን የሕይወት መድን ዓረቦን (ፕሪሚየም፣ የመድኑ ዋጋ) በአንድ ጊዜ 60,000 ብር ቢሆንና ይህ ገንዘብ ከኪስ በመውጣት ፈንታ ብድሩ ላይ ቢደመር፣ ወርሃዊ ክፍያው በ835 ብር ገደማ ብቻ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። በ240 ወር ሲባዛ ግን ከ200,000 ብር ያልፋል። 60,000 ብር ተብሎ የተነገረው መድን ከሦስት እጥፍ በላይ ተከፈለበት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመድን ዋጋ ሳይሆን የባንክ ወለድ ነው። ይህን ቁጥር ለተበዳሪው በጽሑፍ የሚያሳይ ሰነድ በፋይሎች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በየዓመቱ የሚከፈል ዓረቦን አማራጭ መኖር አለመኖሩም አይነገረውም።

ቀጥሎ ኮሚሽን አለ። መድን የሚሸጥ ወኪል ኮሚሽን ማግኘቱ ነውር የለበትም፤ ሥራው ነው። አበዳሪው ራሱ ከሽያጩ የሚጠቀም ከሆነና ይህን ለተበዳሪው ካልነገረው ግን ምክሩ ምክር መሆኑ ይቀራል። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጣጣ አይደለም። በብሪታንያ ከብድር ጋር የተሸጠ የክፍያ ዋስትና መድን ባንኮችን ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አስመልሷቸዋል፤ ቅሬታ የማቅረቢያው የመጨረሻ ቀንም እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2019 ነበር። እዚያ ነገሩን ካጠበቁት ጉዳዮች አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያገኘው ፕሌቪን የተባለች ተበዳሪ ጉዳይ ነው። ብድሩ 34,000 ፓውንድ፣ በቤት መያዣ፣ ለ10 ዓመት ነበር። መድኑ 5,780 ፓውንድ ሆኖ ብድሩ ላይ ተደምሯል፤ ሽፋኑ ግን ለ5 ዓመት ብቻ ነበር። ከዓረቦኑ 71.8 በመቶው መድን ሰጪው ዘንድ ሳይደርስ በኮሚሽን ተቆርጧል፣ ተበዳሪዋም አልተነገራትም። ፍርድ ቤቱ ይህን ዝምታ ፍትሐዊ ያልሆነ ግንኙነት ብሎታል። እኛ አገር ከዓረቦኑ ውስጥ ስንቱ ለማን እንደሚሄድ ተበዳሪው የሚያይበት ሰነድ የቱ እንደሆነ ባንኮች እንዲያሳዩን እንጠይቃለን።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት የምናየው በጤና መግለጫው ላይ ነው። ቅጹ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ሕመም እንዳለ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ባለጉዳዩ ሳይሆን ቅጹን የያዘው ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ ሁሉም ላይ «የለም» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ተበዳሪው ይፈርማል። ሲሞት ኩባንያው የሕክምና ካርዱን ከሆስፒታል ያስወጣል፣ የዓመታት የግፊት ክትትል ይገኛል፣ ክፍያው ይከለከላል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል (ይህ ክፍል በ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ አልተተካም) አንቀጽ 667 መድን ገቢው ስለ ስጋቱ የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል፤ በ668 መሠረት ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ያፈርሳል። ቤተሰብ የማያውቀው ቀጣዩን አንቀጽ ነው። በ669 መሠረት ስህተቱ ሆን ተብሎ ካልተፈጸመ ውሉ አይፈርስም፤ የሚከፈለው ገንዘብ በተከፈለው ዓረቦንና በእውነቱ ሊከፈል ይገባ በነበረው ዓረቦን መካከል ባለው ልክ ይቀነሳል እንጂ። ስለዚህ «ውሉ ፈርሷል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሆን ተብሎ ለመሆኑ ማስረጃችሁ ምንድን ነው? ቅጹ በማን የእጅ ጽሑፍ ተሞላ?» መሆን አለበት። የቅጹ ዋናው ወይም ጥርት ያለ ኮፒው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዕድሜም አለ። በ48 ዓመቱ ለ20 ዓመት የተበደረ ሰው ዕዳውን የሚጨርሰው በ68 ዓመቱ ነው። የሕይወት ሽፋኑ በ60 ወይም በ65 የሚቆም ከሆነ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ባዶ ናቸው፤ ዓረቦኑ ግን ለሃያው ዓመት ተሰልቶ ሊሆን ይችላል። የባልና ሚስት ብድር ላይ ደግሞ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ሁለቱም ከደመወዛቸው ይከፍላሉ፣ በመድኑ ላይ ግን የአንዱ ስም ብቻ ይጻፋል። ስሙ ያልተጻፈው ከሞተ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ይህን ለማወቅ የፖሊሲውን ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ገጽ ማየት ይበቃል፦ መድን የተገባለት ሰው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የገንዘቡ መጠን፣ ተጠቃሚው። የገንዘቡ መጠን ከዕዳው ጋር እየቀነሰ የሚሄድ ይሁን ወይስ ባለበት የሚቆይ መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ10 ዓመት ክፍያ በኋላ የሚቀረው ዕዳ አሁንም ወደ 1,661,000 ብር ነው፤ የወለዱ ምጣኔ ከፍ ሲል ዋናው ገንዘብ ቀስ ብሎ ነውና የሚወርደው። ሽፋኑ በየዓመቱ እኩል እየተቀነሰ ግማሽ መንገድ ላይ 1,000,000 ብር ብቻ የሚከፍል ከሆነ ከ660,000 ብር በላይ ክፍተት አለ።

ወደ ቤቱ መድን እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ፦ ቤቱ በስንት ብር መድን እንዲገባ የወሰነው ሰው ምን እየገመተ እንደሆነ አልጠየቀም። መድን የሚገባው ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። የሽያጭ ዋጋ አይደለም፣ የዕዳው ቀሪም አይደለም። አያት ወይም ለገጣፎ ያለ በ12,000,000 ብር የሚሸጥ ቤት ሕንፃው በ5,000,000 ብር የሚሠራ ከሆነ የቀረው 7,000,000 የቦታው ዋጋ ነው፤ ቦታ አይቃጠልም። ምጣኔው ለምሳሌ ከሺህ 1 ብር ከ50 ቢሆን በዓመት ከሚከፈለው 18,000 ብር ውስጥ 10,500ው ለምንም ነው፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ስለሆነ ከጉዳቱ በላይ አይከፈልም። በተቃራኒው መልሶ ለመሥራት 4,000,000 ብር የሚጠይቅ ቤት በዕዳው ልክ በ1,500,000 ብር ብቻ መድን ቢገባና የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ በማመጣጠኛው አንቀጽ (የመድኑ ገንዘብ ከመልሶ መሥሪያው ወጪ ሲያንስ ካሳውንም በዚያው ልክ በሚቀንሰው) መሠረት የሚከፈለው 150,000 ብር ነው። ያም የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሆኖ ለተጻፈው ባንክ ይሄዳል፤ ለጥገና እንዲለቀቅ ባንኩ በጽሑፍ ካልተስማማ ባለቤቱ በተቃጠለ ቤት ውስጥ ሆኖ ክፍያውን ይቀጥላል።

በከተማዋ ዳርቻ በተለይ የሚያጋጥም አንድ አንቀጽ አለ፣ ማንም አያነበውም። በተለመደው የእሳት ፖሊሲ ውስጥ ቤቱ ከ30 ቀን በላይ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ ሽፋኑ ይቋረጣል፤ መድን ሰጪው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር። በኮዬ ፈጬ ወይም በአራብሳ ቁልፍ ተቀብሎ መብራትና ውኃ እስኪገባ፣ በርና መስኮት እስኪገጠም ለወራት የተዘጋ ቤት ስንት ነው? ዓረቦኑ ከመጀመሪያው ቀን ይቆረጣል፤ ሽፋኑ ግን ሰው እስኪገባ ድረስ ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቤቱ ባዶ መሆኑን ለመድን ሰጪው በደብዳቤ ማሳወቅና በፖሊሲው ላይ የሚለጠፍ የማሻሻያ ወረቀት ማግኘት። ሳሎኑ ሱቅ ሲሆን ወይም በቤቱ ውስጥ ለሽያጭ እንጀራ መጋገር ሲጀመርም እንዲሁ ነው፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ቆጣሪ ላይ የሚሠራበት ቤት ለመድን ሰጪው መኖሪያ ብቻ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍም በተለመደው የእሳትና መብረቅ ፖሊሲ ውስጥ የሉም፤ በተጨማሪ ዓረቦን የሚገዙ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ በኋላ «መድን አለኝ» ብሎ የተጽናና ሰው ሠንጠረዡ ላይ ቃሉ መኖሩን ይመልከት። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የእሱ የተናጠል ቤትና የጋራ የሆነው ክፍል የተለያዩ መሆናቸውን ያስታውስ። የእሱ ፖሊሲ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የውኃ መስመሩን አይጠግንም።

ስለ ድርብ መድን በአጭሩ፦ ተበዳሪው ራሱ ፖሊሲ ገዝቶ ኮፒውን ለባንኩ ሲያስገባ ሰነዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ የብድር ክፍሉ «መድኑ አልታደሰም» ብሎ ሌላ ይገዛና ከሒሳቡ ይቆርጣል። ሁለት ዓረቦን ተከፈለ ማለት ሁለት ካሳ ይገኛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ኮፒው ለራሱ ለብድር ክፍሉ በማስተላለፊያ ደብዳቤ ይግባ።

ብድሩ ቀድሞ ሲዘጋ የሚሆነው ደግሞ እጅግ ብዙ ሰው ይነካል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ጊዜው ሲሞላ የሚሸጥ ብዙ ነው፣ ሲሸጥም ዕዳው አንድ ላይ ይዘጋል። ለ20 ዓመት በቅድሚያ የተከፈለ የሕይወት ዓረቦን ቀሪው ምን ይሆናል? ባንኩ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ይሰጣል፣ የመያዣ ምዝገባው ይነሣል፣ ስለ ዓረቦኑ የሚያነሣ የለም። በ8ኛው ዓመት ለተዘጋ ብድር 60,000ው ብር በጊዜ ልክ ቢከፋፈል ተመላሹ 36,000 ብር ነው። ሽፋኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ነበር በሚል በወራት ቁጥር ድምር (ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ፣ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ድርሻ በሚሰጥ ስሌት) ከተሰላ ደግሞ ወደ 21,660 ብር ይወርዳል። የትኛው ስሌት እንደሚሠራ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ኩባንያው የሚመርጠው የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ዓረቦኑ ከብድሩ ጋር ተደምሮ ከነበረ ተበዳሪው ብድሩን ሲዘጋ ዓረቦኑንም አብሮ ዘግቷል፤ ላልደረሰበት አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው።

ቅሬታ ለምታቀርቡ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ገንዘብ አይጠይቅ፤ ሰነድ ይጠይቅ። ሰነድ ሳይያዝ «ይመለስልኝ» የሚል ማመልከቻ «በውሉ መሠረት ተፈጽሟል» የሚል አንድ መስመር መልስ ያገኛል። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «በብድር ውል ቁጥር … ስለተሰጠኝ የቤት ብድር፦ ለመድን ከሒሳቤ የተቆረጠው ገንዘብ በቀን፣ በመጠንና በመድኑ ዓይነት ተዘርዝሮ እንዲሰጠኝ፤ የፖሊሲዎቹ ሙሉ ኮፒ ከነሠንጠረዡና ከነማሻሻያዎቹ፣ እንዲሁም የፈረምኩበት ማመልከቻና የጤና መግለጫ ኮፒ እንዲሰጠኝ፤ ከዓረቦኑ ላይ ለባንኩ ወይም ለወኪል የተከፈለ ኮሚሽን ካለ መጠኑ እንዲገለጽልኝ፤ ብድሩን ዛሬ ብዘጋ የሚመለስልኝ ዓረቦን በምን ስሌት እንደሚታሰብ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። በቃል «አይተን እንደውላለን» ከተባለ ቅሬታ ቀረበ አይባልም። ለመድን ሰጪውም ተመሳሳይ ደብዳቤ ለብቻ ይግባ፤ ሁለቱ የሚሰጡት መልስ የማይገጥምበት ቦታ ላይ ብዙ ነገር ይገኛል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ጥፋቱን በስሙ ይጥራ፦ ያልተፈለገ ሽፋን ነው፣ ከልክ ያለፈ የመድን ገንዘብ ነው፣ ድርብ ነው፣ ወይስ ያልተመለሰ ቀሪ ዓረቦን? እንደ ጥፋቱ የሚጠየቀው ይለያያል። ለመጀመሪያው ዓረቦኑ በሙሉ ከተከፈለበት ወለድ ጋር፣ ለሁለተኛው ከልክ ያለፈው ዓረቦን ብቻ፣ ለሦስተኛው በኋላ የተገዛው፣ ለአራተኛው ቀሪው ዘመን ይጠየቃል። በብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ስላለ ደብዳቤው ላይ ይጠቀስ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ አንዱን ለማግኘት ሲል የማይፈልገውን ሌላ እንዲገዛ ማስገደድን ይከለክላል። መልሱ ካላረካ ወይም ከዘገየ ፋይሉ በሙሉ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሂድ። ካርታው ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ይሁን ከሸገር ከተማ ለውጥ የለውም፤ የመድን ሥራ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 የሚገዛ የፌዴራል ጉዳይ ነው።

ጊዜውን ግን አትርሱ። ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 በሁለት ዓመት ይታገዳል። በማታለል ወይም በስህተት የተፈረመ ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 ምክንያቱ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው ያለው። ደብዳቤ መጻጻፍ ብቻውን ይህን ጊዜ ያቆማል ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለት ነገር አታድርጉ። በመድኑ ተናዳችሁ የብድር ክፍያ አታቁሙ፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፣ የመድን ቅሬታ ደግሞ ያንን አያስቆምም። ሁለተኛ፣ ከፈረማችሁ ወዲህ የታመማችሁ ከሆነ የሕይወት ሽፋኑ ይሰረዝልኝ አትበሉ። ዛሬ አዲስ ሽፋን ላይሰጣችሁ ይችላል፤ ያ ውድ መድን ቤተሰቡን የሚጠብቀው ብቸኛ ነገር ሆኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው የትርፍ ዓረቦንና የወለድ ተመላሽ እንጂ የውል መፍረስ አይደለም።

ከብሔራዊ ባንክ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከብድር ውሉ የተለየ አንድ ገጽ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ከፊርማው ቀን ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ቀድሞ ለተበዳሪው እንዲሰጥ ይታዘዝ። በገጹ ላይ የዓረቦኑ መጠን በብር፣ ብድሩ ላይ ከተደመረ እስከ መጨረሻው የሚከፈለው ጠቅላላ ድምር፣ ኮሚሽኑ፣ ሽፋኑ የሚያበቃበት ዕድሜና ቀን፣ በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ተበዳሪዎች ስም፣ የቤቱ መልሶ መሥሪያ ግምት እና ብድር ቀድሞ ሲዘጋ የተመላሹ ስሌት ይጻፍ። ተበዳሪው ተመጣጣኝ ሽፋን ከፈለገው ኩባንያ ይዞ ቢመጣ ባንኩ እንዲቀበል፣ ካልተቀበለም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይደረግ። የጤና መግለጫን ከባለጉዳዩ በቀር ማንም አይሙላ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው የሞላው ሰው ስሙንና ፊርማውን ያኑር።

ከባንኮች የምንጠይቀው ደግሞ የማንንም መመሪያ አይጠብቅም። የዕዳ ነፃ ደብዳቤ በሚሰጥበት ቀን ለመድን ሰጪው «ብድሩ ተዘግቷል፣ ቀሪ ዓረቦን ለተበዳሪው ይመለስ» የሚል ደብዳቤ አብሮ ይውጣ። ላለፉት ዓመታት የተዘጉ ብድሮች ዝርዝር በባንኮቹ ሲስተም ውስጥ አለ፤ ከመድን ሰጪዎቹ ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ያልተመለሰላቸውን ሰዎች በስልክ መጥራት ይቻላል።

ከሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ የሆንን የቤት ብድርና የመድን ውል ሠራተኞች

ግልባጭ፦
- ለየባንኮቹ የደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል
- ለየመድን ሰጪዎቹ የሕይወት መድንና የንብረት መድን ክፍሎች
- ለየኮንዶሚኒየም ሳይቱ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ